አሜን ያላለችው ሲስተር አማረች

ሲስተር አማረች ማረፏን የነገረችኝ ልጇ ሰላም ናት። ሥራ ልገባ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ስሟን ሳየው ገና ሳላነሳው ገባኝ። «እማዬ አረፈች» አለችኝ። ነርስ ነኝ፣ የሰው ሞት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ለሌላው ቤተሰብ የምለው አጥቼ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ ከቤቷ ደጃፍ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት የጎረቤት እናት ጉልበቴን ነካ አድርገው፣ አንተስ እንኳ ከአጠገቧ አልጠፋህም፣ መርቃህ ሄደች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመረቀችኝም አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ወዲያ ማዶ የነበሩትም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጋሞ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትልቅ ሰው ምርቃት ከርስት ይቆጠራል፤ ሰው ሊሞት ሲል ልጅ ከሩቅ አገር የሚሮጠው ለመሰናበት ብቻ ሳይሆን ለመመረቅም ነው። እናቶቹ ያዘኑት ለእሷ ብቻ አልነበረም፣ ለእኔም አዘኑልኝ። ለምን እንዳልመረቀችኝ ድንኳን ውስጥ የሚወራ አይደለምና ንፍሮዬን ቆርጥሜ ወጣሁ።

ሲስተር አማረችን ያወቅኳት አርባ ምንጭ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የግፊትና የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል የተመደብኩ ጊዜ ነው። ወደዚያ ክፍል መመደቤን የሰሙ ጓደኞቼ ሰብሰብ ብለው አጽናኑኝ። ድንገተኛ የለ፣ ማዋለድ የለ፤ ቀኑን ሙሉ አሮጊትና ሽማግሌ ክንድ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ማውረድ ነው። ከዚያ ሁሉ የባሰው ደግሞ እሷ ናት አሉኝ። አጠር ያለች፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የካምባ አገር ሴት ነበረች። ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ትበላለች፤ ለሚቀርባት ሁሉ ትቆርሳለች፤ እምቢ ያለውን ትቀየማለች። የመጀመሪያ ቀን «ሲስተር፣ ምን ልርዳዎት?» ብላት ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «አንቺ በለኝ፣ ታካሚህ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ማለት ስለምድ ብዙ አላበኝ።

ስለ እሷ የሚወራው ታታክታለች፣ ታዘገያለች የሚል ነበር። ኃላፊያችን በር ላይ ብቅ ብሎ ሰልፉን ያሳያታል፤ እሷም እሺ ትልና በዚያው ፍጥነቷ ትቀጥላለች። ሌላው ነርስ ግፊት ለክቶ መድኃኒት ጽፎ ሲያሰናብት እሷ ገና አባባን ስለ እንቅልፋቸው እየጠየቀች ነው። በዚያ ላይ ሽማግሌን ብቻውን ማነጋገር ትወዳለች። አስታማሚው ልጅ ወይም ምራት አብሮ ይገባና ይበላሉ ወይ ሲባል ይበላሉ፣ ይተኛሉ ወይ ሲባል ይተኛሉ እያለ ይመልሳል፤ ሽማግሌው ደግሞ ጣሪያ ያያል። ያኔ ሲስተር አማረች ካርዱን ትሰጠዋለች። ሂድና ማኅተም አስመታበት ትለዋለች። ማኅተም የሚያስፈልገው ካርድ እኛ ጋ ኖሮ አያውቅም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ነገሩን ታውቃለችና ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ትንሽ ጠብቁ እያለች ታቆይላታለች።

በሩ ሲዘጋ ከጠረጴዛው ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ትስባለች። ከታካሚው ዝቅ ብላ ትቀመጥና የእጁን አንጓ ትይዛለች፤ የልብ ምቱን ቆጥራ ስትጨርስም አትለቀውም። እንደያዘችው ትጠይቃለች። ከማን ጋር ይበላሉ? ቀን ሰው ቤት አለ? ድሮ ይወዱት የነበረውን ነገር አሁንም ይሠራሉ? «ደህና ነኝ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው» ትለኝ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ያልቆዩ፣ ዓይናቸው ወይም እጃቸው የከዳቸው፣ ሳይታመሙ ከስተው የመጡ፣ ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ የሚሉ፣ መድኃኒታቸውን ትተው ለምን ሲባሉ ምን ያደርግልኛል የሚሉ፤ እነዚህን በቶሎ አትለቅም። በእርጅና የሚሳበበው ነገር ሁሉ ያናድዳታል። «አርጅተው ነው ብለህ የተውከውን ደግመህ ጠይቅ» ነው የምትለው።

በመጨረሻ ያቺን ጥያቄ ትጠይቃለች። ከደጋ ለወረዱት በጋሞኛ፣ ለከተማው ሰው በአማርኛ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ይበላሉ ወይ እንዳለችው አድርጋ፦ «መኖር ሰልችቶዎታል? ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

መጀመሪያ ስሰማት ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ቃል ለአባት ይነገራል? ሐሳቡ የሌላቸው ሰው ከአንቺ ቢያገኙትስ አልኳት። ማንጎዋን እየቆረሰች መለሰችልኝ። ሐሳብ ከእኔ አይመጣም፤ ያለው ሰው ለብቻው የተሸከመውን ያወርዳል፣ የሌለው ደግሞ ይስቅብኛል አለች። ብዙዎቹ ይስቁባታል፣ እሷም ደስ ይላታል። አንዳንዱ ግን አይስቅም። አንገቱን ይደፋል፣ ወይም ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ወይም እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ይላል። ያን ጊዜ የሲስተር አማረች ሰልፍ ከነአካቴው ይቆማል።

አባባ ጫቦ የገረሴ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሸማኔ። ባለቤታቸው ሲሞቱ የበኩር ልጃቸው ማቴዎስ አመጣቸውና ታችኛው ከተማ ሲቀላ አብረውት ተቀመጡ። ማቴዎስ ሙዝ ነጋዴ ነው፤ ደግ ልጅ፣ አባቱን የሚወድ። ግን ደጋ የኖረ ሰው ቆላ ወርዶ ምን ይሆናል? ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ የማያውቁት ጎረቤት አለ። በዚያ ላይ የደም ግፊቱ ባመጣባቸው ስትሮክ ግራ እጃቸው ደክሞ መወርወሪያ መያዝ አልቻሉም። ጥበብ ሲሠሩ የኖሩት ሰው ቀኑን ሙሉ ከበር ላይ ተቀምጠው የጭነት መኪና ሲያልፍ ያያሉ። ክትትል ሲመጡ አይናገሩም። ጺማቸው ያድጋል፣ ሰውነታቸው ይቀንሳል። ሲስተር አማረች ደጋግማ ስትጠይቃቸው በእግዜር ሥራ አልገባም ብለው ይመልሱላት ነበር። መልሱን አልወደደችውም፤ ቀጠሯቸውን አቀራረበችው።

ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ተላጭተዋል። ነጭ ለብሰው ያን ያማረ ባለ ቀለም ሸማቸውን፣ ዱንጉዛቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገዋል። ፊታቸው በርቷል። ምራታቸው ከኋላቸው እየሳቀች፣ አባባ ዳኑልን፣ መብላት ጀመሩ፣ እንቅልፍም ተኙ አለች። ሰሞኑን ገረሴ ወጥተው መሸመኛቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው፣ በድንበር ከተጣሉት ጎረቤታቸው ታርቀው ነው የተመለሱት። ቤታቸውን አስተካከሉ አለችን። በእኛ አገር ይህ የአዋቂ ሽማግሌ ወግ ነው፤ ቤተሰብ ይኮራበታል።

አባባ ጫቦ ከክፍሉ መሐል ቆሙና ሊመርቁን እጃቸውን አነሡ። ደህናው ቀኝ እጃቸው ከፍ አለ፣ ግራው እስከ ደረታቸው ተጎተተ። ሁላችንም ተነሣን። እኔ፣ ምራታቸው፣ ሊጠራን የመጣው ኃላፊያችን ሳይቀር መዳፋችንን ዘረጋን። ዘራችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ የሽማግሌ እንባ ያበሳችሁ እናንተም ሽማግሌ ሁኑ አሉ። እኛ አሜን እንላለን። በእውነቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ምርቃት ከአባቴም አላገኘሁም።

ሲስተር አማረች አሜን አላለችም። እጇንም አልዘረጋችም። ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠችው ሽማግሌውን ትክ ብላ ታያቸዋለች። ኃላፊያችን በዓይኑ ገሠጻት፤ ዞር ብላም አላየችው። ምርቃቱ ሲያልቅ ካርዱን ለምራቲቱ ሰጠቻት፤ ማኅተም። እኛንም በአገጯ ወደ በሩ አመለከተችን። ኃላፊያችን እያጉረመረመ ወጣ። እኔ መድኃኒት የምደረድር መስዬ መደርደሪያው ጋ ቀረሁ።

በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። አንጓቸውን ያዘች። «አባባ፣ ምርቃትዎን ያልተቀበልኩት ንቄዎት አይደለም። የሚሄድ ሰው ምርቃት መሰለኝ። ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለቻቸው።

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። በጋሞኛ መለሱላት፤ እሷ በኋላ ተርጉማ ነገረችኝ። ልጄ ጎበዝ ነው፣ ምራቴም አትከፋም አሉ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሚስቴ የለችም። ሲያጎርሱኝ አፍራለሁ። ወስኜ ከጨረስኩ ወዲህ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ምግብም ጣፈጠኝ፤ እባክሽ አታፍርሽብኝ አሏት። የተረጋጉት ስለዳኑ አልነበረም። ያን ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፤ ሲያዝን የኖረ ሽማግሌ በድንገት ሲረጋጋ፣ ሲታረቅ፣ ሲያከፋፍልና ሲመርቅ የእኛ ሰው እልል ይላል፤ ነርስ ግን አጠገቡ መቀመጥ አለባት።

ማቴዎስን ከሙዝ ተራ አስጠራችው። ላቡን እየጠረገ መጣ። ሁሉንም ነገረችው፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ይዘናቸው እንሂድ፣ እኔም አብሬ እመጣለሁ አለችው። የልጁ ፊት እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። አልጮኸም፣ ጨዋ ነው። «ሲስተር፣ አባቴ በዱቡሻ ሸንጎ ላይ ሲናገሩ አገር የሚያዳምጣቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌ መረቀ ተብሎ እብድ ይባላል?» አላት። ማንም እብድ አላላቸውም፣ ታመዋል ነው ያልኩህ አለችው። እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ መጥራት ማምጣት ነው አላት እሱ። በመጨረሻ ግማሹን ተስማማላት። ብቻቸውን ላይተዋቸው፣ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ከአጠገባቸው ሊያርቅ፣ መድኃኒታቸውን ራሱ ሊይዝ፣ በማግስቱ ሆስፒታል ሊያመጣቸው ቃል ገባ። እስከ በሩ ሸኘችው። አባባ ጫቦ ሲወጡ ዞር ብለው አዩአት፤ የተቀየመ ሰው አስተያየት ነበር።

በማግስቱ አልመጡም። ስትደውልለት ማቴዎስ፣ ገረሴ ወሰድናቸው፣ የደጋው አየር ይስማማቸዋል ብለን ነው አላት። ዘመድ ሁሉ እንደሚከባቸው፣ ሳቂታ እንደሆኑ ነገራት። ማን አብሯቸው ይተኛል? ቀን ማን አለ? ጠየቀችው፤ አይዞሽ ሲስተር፣ አይዞሽ እያለ ዘጋው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደውላ አንድ ነርስ እንድታያቸው ለመነች። ነርሷ ሄዳ ነበር። ቤተሰቡ እርጎ ሰጥቶ፣ አባባ መርቀው ሸኟት፤ በጣም ደህና ናቸው ብላ ደወለችልን።

የገበያ ቀን ነው የሞቱት። ቤተሰቡ በሙሉ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ደህና ናቸው ተብሏላ።

ለቅሶ አብሬያት ሄድኩ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወጥተን ገረሴ ስንደርስ ጉም እንሰቱን ሸፍኖት ነበር፤ ሲስተር አማረች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። ለቅሶተኛው የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ቀናቸውን አውቀው ሄዱ ይላሉ። ዘመድ አስታረቁ፣ ንብረታቸውን አደሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም መርቀው ድንገት አረፉ፤ እንዲህ ያለ አሟሟት የተመረጠ ሰው ነው ይላሉ። እርስ በርስ ማን ምን ተብሎ እንደተመረቀ ይነጋገራሉ። እሷ ከመሐላቸው ቁጭ ብላ መሬት ታያለች። የእኛ አገር ስህተት ይህ ነው፤ ስንብቱን ምርቃት አድርገን ተቀበልነው፣ ከሞቱም በኋላ ጽድቅ አደረግነው። የሚቀጥለውም ሽማግሌ ሲመርቅ እንዲሁ እጃችንን እንዘረጋለን።

ማቴዎስ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ወሰደን። በጥቂት ቀናት ውስጥ አርጅቶ ነበር። የሆነው ቢሰማ ቄሶቹ ፍትሐት እንደማይፈቱላቸው፣ ሽማግሌዎቹም ጎሜ ነው፣ ነውር ነው፣ በዘራችሁ ላይ መዓት ያመጣል ብለው እንደሚያገሏቸው ነገራት። «ሲስተር፣ አውቃለሁ፤ ነግረሽኝ ነበር። እባክሽ አትናገሪ» አላት።

አልናገርም አለችው። ከዚያ ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንተ ግን ብቻህን አትያዘው። እኔ ጋ ና፤ ሳይዘገይ ና» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። መጥቶ አያውቅም። በኋላ መጠጥ ማብዛቱን ሰማን፤ አሁን የት እንዳለ አላውቅም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ መታየት ሲጀምር አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ዓመት የደከምኩት እንዳውቅ ነበር አለችኝ። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይድናሉ ብዬ ነበር። «ይኸው አወቅን። ማወቃችን ምን አደረገላቸው?» አለችኝ።

እንደዚያ ያለች ሴት ከዚያ በኋላ ትተወዋለች ብዬ ነበር። በማግስቱ በርጩማዋ ላይ አገኘኋት። መጠየቋን አላቆመችም፤ አዎ ያሉትን በየጊዜው ይዛ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ከእነሱም ዛሬ በሕይወት ያሉ አሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሽማግሌ ሲመርቅ እጇን አልዘረጋችም። የሚያውቃት ይታገሣታል፣ የማያውቃት ትዕቢተኛ ይላታል። አንዳንዱ ሽማግሌ ግን ምርቃቱን አቋርጦ ለምን አሜን አትዪም ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ያን ጊዜ በርጩማዋን ትስባለች።

ጡረታ ስትወጣ ጋቢ አለበስናት፤ እሷ ደግሞ ለምን ጋቢ፣ በዚህ ሙቀት አምላክ ይይላችሁ ብላ አሳቀችን። ሴቻ ያለው ቤቷ ከበረንዳው ሐይቁን ያሳያል። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፣ ሰላም ሐዋሳ ትሠራለች። ሌላውን ከስኳር ስትጠብቅ የኖረችውን ሴት የራሷ ስኳር ኩላሊቷን ጨረሰባት። ሰላም አዲስ አበባ እንሂድ ስትላት እምቢ አለች፤ እዚህ ያሉት ሐኪሞችም ብዙ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። እግሯ አበጠ፣ ማንጎው ተከለከለ። ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። መጀመሪያ ትሳደባለች፤ ከዚያ ዝም ማለት አበዛች። ሕመም ነው አልኩ። እንቅልፍ የለኝም አለችኝ፤ ሐኪሟን አነጋገርኩ። ሰው መጥቶ ሲጠይቃት አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስመጣ በረንዳው ላይ አገኘኋት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ቤቱ ተጠርጓል፣ መጋረጃው ታጥቧል። ጎረቤቷ፣ ዛሬ እኮ ደህና ዋለች ብላ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። በርጩማዋ ከአጠገቧ ተቀምጣለች፤ ጡረታ ስትወጣ ከክፍላችን ይዛት ሄዳ ነበር። «ውሰዳት፣ ለክፍሉ ትሁን። ና ደግሞ ልመርቅህ» አለችኝና እጆቿን አነሣች።

እጄ ከልጅነት እንደለመደው ሊዘረጋ ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩት። በርጩማዋን ስቤ ተቀመጥኩ። አንጓዋን ያዝኩ፤ የልብ ምቷ ይፈጥናል። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ካልኳት በኋላ ለታካሚ በምንጠይቅበት ወግ ጠየቅኳት። «ሲስተር፣ መኖር ሰልችቶዎታል? ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

እጆቿ እንደተነሡ ቀሩ። ከዚያ ጭኗ ላይ ወደቁ። ሐይቁን አየች፣ ጀልባ ነበር፣ እሱን በዓይኗ ተከተለችው።

«ታካሚ አደረግኸኝ» አለች።

አንጓዋን አልለቀቅኩም። አለመልቀቅንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

«አዎ» አለችኝ በመጨረሻ።

እዚያው ፊቷ ለሰላም ደወልኩ። ሰላይ አለችኝ። ውጣልኝ አለችኝ። አልወጣሁም። ጎረቤቶቿን በተራ እንዲቀመጡ ለመንኩ፤ መድኃኒቶቿን ሰበሰብኩ፤ ሰላም ስትደርስ አብረን ሆስፒታል ወሰድናት። የአእምሮ ሐኪሙ ተማሪ ሳለ እሷ ያሠለጠነችው ነበርና እያለቀሰ አነጋገራት። መድኃኒቱ እንቅልፏን ትንሽ መለሰላት። ሰላም ሥራዋን ትታ መጣች። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን የዋለችበት ሰዓት የለም።

ተረት ቢሆን ኖሮ አመሰገነችኝ እል ነበር። አላመሰገነችኝም። ኩላሊቷ አልተመለሰ፣ ሕመሟ አልቀነሰ፤ እኔ ያቆየኋት ለዚያ ሕመም ነው። አንድ ቀን አባባ ጫቦን አነሣችብኝ። ቢድኑ ኖሮ ያመሰግኑኝ ነበር ብላ ታስብ እንደነበር፣ አሁን ግን ሲወጡ ዞረው ያዩአት አስተያየት እንደገባት ነገረችኝ። ታዲያ ብትደርሺባቸው ትተያቸው ነበር ወይ አልኳት። አልተዋቸውም ነበር አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በጣም እወዳት ነበር፤ ይህንንም ለራሷ አልነገርኳትም፣ ብነግራት ትስቅብኝ ነበር።

እኔ አሁንም እዚያው ክፍል ነኝ። በርጩማዋ ከጠረጴዛዬ ሥር ናት። እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ይስቁብኛል፣ አንዳንዶቹ አዎ ይላሉ። ሆስፒታል የምልካቸው ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቤተሰቡም ከአንድ ቀጠሮ በኋላ ይቀራል፣ አየር ይስማማቸዋል ብሎ ደጋ ይዟቸው ይወጣል። ስልክ እደውላለሁ፤ አይዞህ ይሉኛል። አዲስ የሚመደቡት ነርሶች ልክ እንደ እኔ ሐሳቡን ብትሰጣቸውስ ይሉኛል። በርጩማዋ ላይ የምትቀመጥ ነርስ እስካሁን አላገኘሁም።

የመጨረሻዋ ቀን አመሻሽ ላይ አጠገቧ ነበርኩ። ትንፋሿ አጥሯል። ሰላም ወጥ ቤት ነበረች። ተነሥቼ ልሄድ ስል በሩ ላይ ቆምኩ። በረንዳ ላይ ያልተቀበልኩት ምርቃት ትዝ አለኝ፤ ሰው ነኝ፣ አሁንስ ብትመርቀኝ ብዬ ተመኘሁ። ሳልናገር ገባት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ምን ቆመሃል? አልመርቅህም። ነገ ና» አለችኝ።

ነገ እንደምመጣ ነግሬያት ወጣሁ። ጠዋት ጫማዬን ሳስር ሰላም ደወለች።

በበሽታዋ ነው የሞተችው፤ ሰላም እጇን ይዛ ነበር። ይህንን ስናገር ሰዎች በዓይናቸው ይጠያየቃሉ፤ በበሽታ ሞተ የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር መሸፈኛ አድርገን ጨርሰነዋልና እውነት ሲሆንም አያምኑትም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሳትመርቀኝ ነው የሞተችው።